ቫርኒሽ፣ ዘይት ወይስ ቀለም? ለእንጨትና ለብረት የሚሆነውን ቅብ ለመምረጥ

ቫርኒሽ የተቀባ የውጭ በር መበላሸት የሚጀምረው ከታች ነው። መጀመሪያ ነጣ ያለች ነጥብ ትታያለች። ነጥቧ ትሰፋለች፣ ቆይታ ታብጣለች። በጥፍር ጫፍ ስትነኳት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆና ትነሳለች። ከሥሯ ያለው እንጨት ጠቁሯል። በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል።

እኔ የቀባሁት በር እንዲህ ሆኖብኛል። አራት ጊዜ ደራርቤ የቀባሁት፣ ፊት የሚያሳይ በር ነበር። በጣም አዘንኩ። ቫርኒሹ ጥሩ ነበር፣ አቀባቡም ንጹሕ ነበር። ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ የገባኝ በሩን ከማጠፊያው ያወረድኩት ዕለት ነው። እመለስበታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ቅብ የምመርጥበት መንገድ ተለወጠ። የማያረጅ ቅብ የለም። አንዱ ቀስ እያለ ይደበዝዛል፣ ሌላው ተሰነጣጥቆ ይላጣል። የደበዘዘውን አጥባችሁ፣ ደርባችሁ በግማሽ ቀን ታድሱታላችሁ። የተላጠውን ግን እስከ እንጨቱ ወይም እስከ ብረቱ ድረስ ፍቃችሁ እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ። ስለዚህ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ከማንበቤ በፊት ራሴን የምጠይቀው ይህን ነው፦ ይሄ ነገር ሲያረጅ ምን ይመስላል? እኔስ ልጠግነው እችላለሁ?

እንጨት፦ ውስጥ የሚገባና ላይ የሚቀመጥ

የእንጨት ቅብ በሁለት ይከፈላል። ዘይቶች ወደ እንጨቱ ይሰርጋሉ። ቫርኒሽ፣ ላከርና ቀለም ደግሞ ከላይ ስስ ሽፋን ሠርተው ይቀመጣሉ። ሌላው ልዩነት ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

እንጨት ከተቆረጠ በኋላም አይተኛም። እርጥበት ሲያገኝ በወርዱ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በቁመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። ላዩ ላይ የተቀመጠው ሽፋን አብሮት መዘርጋትና መሰብሰብ ካልቻለ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል። የገባው ውሃ ደግሞ ሽፋኑ ስለሚይዘው ቶሎ አይወጣም። እንጨቱ የሚበሰብሰው ያኔ ነው።

ሁለተኛው ጠላት ፀሐይ ነው። የእንጨትን ቃጫዎች እንደ ሙጫ አጣብቆ የሚይዝ ሊግኒን የሚባል ነገር አለ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሊግኒንን ይሰባብረዋል። ጥርት ያለ ቫርኒሽ ብርሃን ያሳልፋል፤ ስለዚህ ጨረሩ ቫርኒሹን አልፎ እንጨቱን ይመታል። ቫርኒሹ ራሱ ደህና ሆኖ የያዘው የእንጨት ቆዳ ሊለቅ ይችላል። ልጣጩን ገልብጣችሁ እዩት፤ ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ስስ ግራጫ ቃጫ ተጣብቆ ታገኛላችሁ።

ዘይት

ለቤት ውስጥ ዕቃ፣ በተለይ በእጅ ለሚዳሰስ ነገር፣ ዘይት እወዳለሁ። እንጨቱ እንጨት ሆኖ ይቀራል። ሲያረጅ አይላጥም፤ ይደርቃል፣ ይገረጣል እንጂ። ማደስ ማለት ማጽዳት፣ በስሱ ማሸት፣ እንደገና ዘይት መስጠት ነው። በቃ።

በብዛት የሚታወቀው የተልባ ዘይት ነው። ጥሬው ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። «የተቀቀለ» ተብሎ የሚሸጠው ማድረቂያ ኬሚካል የተጨመረበት ስለሆነ በአንድና በሁለት ቀን ይይዛል። ተንግ ከሚባል ዛፍ ፍሬ የሚወጣው የተንግ ዘይት ከተልባ ይልቅ ውሃን ይቋቋማል፤ እሱም ቢሆን ትዕግሥት ይፈልጋል። ዴኒሽ ኦይል የሚባለው ዘይትና ቫርኒሽ የተቀላቀለበት ነው፤ ለጀማሪ ምቹ ነው።

አቀባቡ ቀላል ነው፣ ግን አንድ ነገር አለው። ዘይቱን አትረፍርፋችሁ ትቀባላችሁ። 15 ወይም 20 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ከዚያ እንጨቱ ያልጠጣውን በሙሉ ትጠርጋላችሁ። በሙሉ! ላዩ ላይ የቀረ ዘይት ሳይደርቅ ከርሞ እንደ ማር ይጣበቃል። ብዙ ሰው «ይሄ ዘይት አይረባም» የሚለው ይህን ስላልጠረገ ነው።

እባካችሁ ጨርቁን ልብ በሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ሙቀት ያመነጫል። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ክብሪት ሳይነካው በራሱ ይቀጣጠላል። በዚህ ምክንያት ሥራ ቤቶች ተቃጥለዋል። ጨርቁን ደጅ ላይ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ክዳን ባለው የብረት ጣሳ አስቀምጡት።

የምግብ መክተፊያ ጣውላ ላይ የወጥ ቤት ዘይት አትቀቡ። አይደርቅም፣ ቆይቶም ይሸታል። ለምግብ የተፈቀደ የማዕድን ዘይት አለ፤ እሱም አይደርቅም፣ ግን አይበላሽም። ሲገረጣ ትደግሙታላችሁ።

ጥርት ያለ የተልባ ዘይት ደጅ ላይ ብቻውን አይችልም። ጨረርን አያግድም፣ ሻጋታም ይመገበዋል። ጥቁር ጠቃጠቆ ካያችሁ እሱ ነው።

ሰም ላይ ብዙ አልቆይም። ንብ ሰም የሚቀልጠው 63 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ትኩስ ብርጭቆ አሻራውን ይተውበታል። በዘይት ወይም በሼላክ ላይ ለማለስለሻ ጥሩ ነው። ከሰም በላይ ግን ሌላ ቅብ አይይዝም፤ ሐሳባችሁን ቀይራችሁ ቫርኒሽ ካማራችሁ ሰሙን በሚገባ ማጠብ ግድ ነው።

ሼላክና ላከር

ሼላክ ላክ ከምትባል ነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው። በአልኮል ይሟሟል፣ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይደርቃል። ትልቁ ጥቅሙ አዲሱ ቅብ አሮጌውን አቅልጦ ከሱ ጋር አንድ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጭረት ሲደርስበት ጠጋኝ እንደሱ የሚደሰትበት ቅብ የለም። ድክመቱም ግልጽ ነው፤ አልኮል ያሟሟዋል፣ ሙቀት ያለሰልሰዋል፣ እርጥብ ብርጭቆ ነጭ ቀለበት ይተውበታል። ለመመገቢያ ጠረጴዛ አልመርጠውም። ለሥዕል ክፈፍ፣ ለሳጥን፣ ለመደርደሪያ ግን ያምራል። ሌላም ሥራ አለው። ቅርንጫፍ የበቀለበት ጉጥ ሙጫ እያወጣ ቀለም ሲያበላሽባችሁ መጀመሪያ ጉጡን በሼላክ ዝጉት።

ናይትሮ ላከር በስፕሬይ የሚረጭ፣ በጣም ቶሎ የሚደርቅ የባለሙያ ቅብ ነው። እንፋሎቱ በቀላሉ እሳት ይይዛል። የመርጫ ክፍል ከሌላችሁ ተዉት።

ፖሊዩሬታን፦ የዘይቱ ወይስ የውሃው?

ብዙ የሚገፋ፣ ብዙ የሚጠረግ ነገር ላይ፣ ማለትም ወለል፣ ደረጃና መመገቢያ ጠረጴዛ ላይ፣ ፖሊዩሬታን ቫርኒሽን የሚያህል የለም።

የዘይቱ ዓይነት ማር የመሰለ ቀለም ይሰጣል፣ እያደርም ይበልጥ ይበስላል። ጠቆር ላለ እንጨት ሙቀት ይጨምርለታል። ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ የብሩሹ መስመር ራሱን ያስተካክላል፤ ግን እስኪደርቅ አቧራ ይለቅማል። ከአንዱ ቅብ ወደ ሌላው ለመሄድ በአብዛኛው ማደር አለበት። ሽታውም ከባድ ነው።

የውሃው ዓይነት ጣሳው ውስጥ ወተት ይመስላል። ሲደርቅ ጥርት ይላል፣ ቢጫም አይሆንም። ነጣ ያለ እንጨት ነጣ ብሎ እንዲቀር ከፈለጋችሁ ምርጫው እሱ ነው። በሁለት ሦስት ሰዓት ይደረባል። ቶሎ ስለሚደርቅ እጃችሁ ፈጣን መሆን አለበት፤ የነካካችሁት ቦታ ተመልሳችሁ ብሩሽ ብታስነኩት ይጨማደዳል። ውሃው የእንጨቱን ቃጫ ስለሚያስነሳው የመጀመሪያው ቅብ ሲደርቅ ይሻክራል። መፍትሔው ከመቀባታችሁ በፊት እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ አብሳችሁ ማድረቅና የተነሳውን ቃጫ በስሱ ማሸት ነው።

ሁለቱም ለመዳሰስ ቢደርቁም ሙሉ ጥንካሬያቸውን እስኪያገኙ ሳምንታት ይፈልጋሉ። ጠረጴዛ ቀብታችሁ በማግሥቱ ዕቃ ብትከምሩበት አሻራው ይቀራል።

የማያብረቀርቀውን፣ ማት የሚባለውን፣ የገዛችሁ እንደሆነ ጣሳውን ከሥሩ አማስሉት። ብርሃኑን የሚያደበዝዘው ዱቄት ታች ይዘቅጣል። ካልተማሰለ የጣሳው የላይኛው ግማሽ ያብረቀርቃል፣ የታችኛው እንደ ጭጋግ ይሆናል። ማማሰል እንጂ መነቅነቅ አይደለም፤ ከነቀነቃችሁት አረፋው እንጨቱ ላይ ይደርቃል።

እንጨቱ ደጅ የሚውል ከሆነ

እዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው። ፀሐይና ዝናብ ለሚመታው እንጨት ከሁሉ የሚበልጠው ቀለም ነው። በቀለም ውስጥ ያለው ዱቄት ጨረሩን ያግዳል። የእንጨቱን መልክ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ቀለም ያለው፣ ወደ ውስጥ የሚሰርግ የእንጨት ዘይት ወይም ስቴይን ምረጡ። በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ መታደስ አለበት፣ ግን መታጠብና መደረብ ብቻ ነው። ጥርት ያለ ቫርኒሽ ከፈለጋችሁ ለጀልባ የተሠራውን፣ ጨረር መቋቋሚያ ያለውንና የሚለመጠውን ውሰዱ፤ ከመሰንጠቁም በፊት በየጊዜው ደርቡት። አንድ ዓመት ከዘለላችሁ መፋቅ ይመጣል። የቤት ውስጥ ፖሊዩሬታን ደጅ ማውጣት ግን ገንዘብ መጣል ነው።

የቅቡን ዘመን የሚወስነው ግን ብዙ ጊዜ የቅቡ ዓይነት እንኳ አይደለም። የእንጨት የተቆረጠ ጫፍ ልክ እንደ ተቆረጠ የገለባ እሽግ ነው፤ ቀዳዳው ሁሉ ክፍት ነው። ውሃ ከጎኑ ይልቅ በጫፉ እጅግ ፈጥኖ ይገባል። የወንበር እግር መሬት የሚነካበት፣ የአጥር ምሰሶ አናት፣ የጣውላ ጫፍ፣ እነዚህ እስኪጠግቡ ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ መቀባት አለባቸው። የጠረጴዛ ሆድም እንዲሁ ይቀባል። ላዩ ብቻ ከተቀባ ሁለቱ ፊቶች እርጥበት በተለያየ ፍጥነት ስለሚወስዱ ጣውላው ይጎብጣል።

ስታሹ የብርጭቆ ወረቀቱን ከቁጥር 120 ጀምሩ፣ 180 ላይ ጨርሱ። ለዘይት 220 ይበቃል። ከዚያ በላይ ስታለሰልሱት ቅቡ የሚይዝበት ያጣል። ሁልጊዜም ወደ ቃጫው አቅጣጫ እሹ። አግድም የተጫረ መስመር ደረቁ ላይ አይታይም፤ ቫርኒሹ ሲነካው ግን ፍንትው ብሎ ይወጣል።

ብረት፦ ከቅቡ በፊት

እንጨት ላይ የቅቡ ምርጫ ብዙ ያከራክራል። ብረት ላይ ግን ከምርጫው ይልቅ ዝግጅቱ ይበልጣል። በደንብ የጸዳ ብረት ላይ የተቀባ ርካሽ ቀለም ዝገት ላይ ከተቀባ ውድ ቀለም በላይ ይኖራል።

ዝገት የሚፈጠረው ብረት፣ ውሃና ኦክስጅን ሲገናኙ ነው፤ ጨው ያፋጥነዋል። ዝገቱ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በቀለም ሥር አንዴ ከተነሳ ቀለሙን ከሥር እየገፋ ያነሳዋል።

መጀመሪያ ቅባቱን እጠቡ። ብዙ ሰው ቀጥታ ወደ ማሸት ይገባል፤ ይሄ ቅባቱን ወደ ጭረቶቹ ውስጥ መክተት ነው። በቲነር ወይም ቅባት በሚያነሳ ሳሙና አጥባችሁ፣ ሌላ ንጹሕ ጨርቅ ይዛችሁ አድርቁ። ከዚያ ለቀቅ ያለውን ዝገት በብረት ብሩሽ ወይም በግራይንደር አንሱ። አዲስ ብረት ላይ የሚታየው ሰማያዊ ግራጫ ቅርፊትም አያታልላችሁ። ብረቱ በእሳት ሲዳመጥ የፈጠረው ነው። ጠንካራ ይመስላል፣ ግን ሲሰነጠቅ ቀለሙን ይዞ ይወድቃል። የብየዳ ፍንጥርጣሪና ጥላሸትም ይነሳል።

ዝገት ለዋጭ የሚባለው ፈሳሽ በውስጡ ታኒክ ወይም ፎስፎሪክ አሲድ አለው። ታኒክ አሲድ ያለበት ዝገቱን ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለውጠዋል። ስስ ሆኖ ለተጣበቀ ዝገት፣ ብሩሽ ለማይደርስበት ጥግ ጠቃሚ ነው። እንደ ቅርፊት ለሚረግፍ ዝገት ግን አይሠራም፤ ቅርፊቱ አብሮት ይወርዳል።

አሮጌ ቀለም የምትፍቁ ከሆነ ተጠንቀቁ። ድሮ ቀይ ፀረ ዝገት በእርሳስ ይሠራ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀለም የሚመክረው የእርሳስ መጠን ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ነው። የድሮው ግን ከዚህ እጅግ ሊበልጥ ይችላል። በደረቁ አታሹት፣ አቧራውን አታስነሱ። እርጥብ አድርጋችሁ ፋቁ፣ ልጆችን አርቁ፣ ፍቅፋቂውን ሰብስቡ።

የትኛው አንቲረስት፣ የትኛው ቀለም

አንቲረስት ከላዩ ቀለም በፊት የሚቀባ ፀረ ዝገት ቅብ ነው። ተራው ቀዩ በዘይት ቀለም ላይ የተመሠረተ ነው። በብሩሽ ይቀባል፣ ትንሽ ስህተት ይችላል፣ ለቤት ሥራ ይበቃል። ዚንክ ፎስፌት ያለበት ዝገትን በመከልከል ይበልጠዋል። ዚንክ የበዛበት ፕራይመር (ከሥር የሚቀባ የመጀመሪያ ቅብ) ከሁሉ ይጠነክራል፤ ዚንኩ በብረቱ ፋንታ ራሱ ይበላል። ግን ይህ የሚሆነው ዚንኩ ባዶ ብረት ሲነካ ብቻ ነው። ዝገት ወይም አሮጌ ቀለም ላይ ከቀባችሁት ብርታቱ የለም።

አንቲረስት ብቻውን መጨረሻ አይደለም። አብዛኛው ውሃ ያስገባል። ቀይ ቀብተው «በኋላ ቀለም እናደርግበታለን» ብለው ክረምት ያሳለፉበት በር ላይ ዝገቱ ቀዩን ቀለም አልፎ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ሁለቱም ቀይ ስለሆኑ ማንም ቶሎ አላስተዋለም።

የላዩ ቀለም ላይ መጀመሪያ ያልኩት ጥያቄ ይመጣል። ተራው የዘይት ቀለም በፀሐይ ይደበዝዛል፣ ጭረትም አይችልም። ግን ማንም ሰው ጭረቱን አሽቶ፣ አንቲረስት ነክቶ፣ ደርቦ በአንድ ከሰዓት ያድነዋል። ለሚገጭ በር፣ ለአጥር፣ ለመስኮት ፍርግርግ እሱን እመርጣለሁ።

ኤፖክሲ የሚባለው ቀለም ተቀላቅሎ የሚጠነክር ነው፤ በሁለት ጣሳ ይመጣል። ከተቀላቀለ በኋላ የተወሰነ ሰዓት ብቻ ይቆያል፣ ከዚያ ጣሳው ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። በጣም ይይዛል፤ ዘይትና ኬሚካል አይደፍረውም። ፀሐይ ላይ ግን ላዩ እንደ ጠመኔ ይሆናል። ለማሽን እግር፣ ለጋራዥ፣ ለታንከር ጥሩ ነው። ደጅ ከሆነ በላዩ ሌላ ቀለም ይፈልጋል።

ያ ሌላ ቀለም ብዙ ጊዜ ባለ ሁለት ጣሳ ፖሊዩሬታን ነው። መኪና ላይ የምናየው ዓይነት ነው፤ ቀለሙንና ውበቱን ለዓመታት ይይዛል። ማጠንከሪያው ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለ፤ ሲረጭ ሳንባን ይጎዳል፣ አስም ያመጣል። ተራ የአቧራ ጭምብል አያግደውም። ይህን ለባለሙያ ተዉለት።

የፓውደር ቅብ ደረቅ ዱቄት ነው። በኤሌክትሪክ ኃይል ብረቱ ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ ወደ 180 ወይም 200 ዲግሪ ምድጃ ገብቶ ይቀልጣል። ሲያዩት እንከን የለውም። ወንበር፣ አልጋ፣ መደርደሪያ ላይ ድንቅ ነው። ሲሰበር ግን ዝገቱ ከሥሩ ይሄዳል፣ ቤት ውስጥ መልሶ ያንኑ መልክ ማምጣት አይቻልም። መሬት የሚነካ፣ ድንጋይ የሚመታው ነገር ላይ አላደርገውም።

በቀለጠ ዚንክ ውስጥ፣ 450 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ የተነከረ ጋልቫናይዝድ ብረት ቀለም አይፈልግም። ቢጫርም ዚንኩ ጭረቱን ይጠብቃል። ቀለም አምሯችሁ ከሆነ ተራውን የዘይት ቀለም በቀጥታ አትቀቡ። ዚንኩ ከቀለሙ ዘይት ጋር ሲገናኝ ሳሙና የመሰለ ነገር ይፈጥራል፤ ቀለሙ በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ እንደ ወረቀት ይለቃል። ለጋልቫናይዝድ የተሠራ ፕራይመር አለ። አሉሚኒየምም የራሱ ፕራይመር ያስፈልገዋል።

አቀባቡ ላይ

ቀለም ሲደርቅ ከሹል ጠርዝ ይሸሻል። ስለዚህ የላሜራ ጫፍና የቱቦላሬ ማዕዘን ላይ ቀለሙ ስስ ሆኖ ይቀራል፤ ዝገትም እዚያ ይጀምራል። ጠርዙን በግራይንደር ወይም በሞረድ አድቦልቡሉት። ጠቅላላውን ከመቀባታችሁ በፊት ጠርዞቹን፣ የብየዳ መስመሮቹንና የቡሎን ራሶቹን ብቻ በትንሽ ብሩሽ አንድ ዙር ቀቡ። አሥር ደቂቃ ነው፣ ዓመታት ይጨምራል።

ማለዳ አትቀቡ። ሌሊት የቀዘቀዘ ብረት ላይ ዓይን የማያየው ጤዛ አለ። የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚይዝበት ቢያንስ በ3 ዲግሪ መብለጥ አለበት። መለኪያ ከሌላችሁ ፀሐይ አሙቃው ስትዳስሱት ደረቅ ለብ ሲል ጀምሩ። የሚያቃጥል ብረት ላይም አይቀባም፤ ቀለሙ ሳይዘረጋ ይደርቃል።

አሮጌ ቀለም ላይ የምትደርቡ ከሆነ ጨርቅ በቲነር ነክራችሁ የማይታይ ጥግ ላይ አንድ ደቂቃ ያዙት። ቀለሙ ከተኮማተረ ወይም ከለሰለሰ፣ በዚያ ቲነር የሚቀጥን አዲስ ቀለም ደግሞ ያነሳዋል።

እንጨትና ብረት የሚገናኙበት ቦታም አይረሳ። ታኒን የሚባል ብረትን የሚያጠቁር ነገር የበዛበት እንጨት ላይ ተራ ቡሎን ከገባ እርጥበት ሲያገኘው ዙሪያው ጥቁር ይሆናል። የማይዝግ ብረት ቡሎን ተጠቀሙ፤ ቀዳዳውንም ከማስገባታችሁ በፊት በቅቡ ሙሉት።

ወደ በሬ ልመለስ። ከማጠፊያው አውርጄ ስገለብጠው የታችኛው ጠርዝ ባዶ እንጨት ነበር። ተገጥሞ ከቆመ በኋላ ስለቀባሁት ብሩሽ እዚያ አልደረሰም። እንጨቱ ውሃውን ከታች እየጠጣ፣ በላይ ያለው አራት ቅብ ደግሞ እንዳይወጣ ይዞት ኖሯል። የበሰበሰውን ቆርጬ ሌላ ጣውላ ቀጠልኩ፣ ቫርኒሹን በሙሉ ፋቅሁት። አሁን ቀለም ያለው የእንጨት ዘይት ነው ያለበት። ከክረምት በፊት የውሃ ጠብታ አሳርፍበታለሁ። ጠብታው ክብ ሆኖ ከቆመ አልነካውም። ጠልቆ እንጨቱን ካጠቆረ አጥበውና አንድ ዙር እደርብበታለሁ። የታችኛውን ጠርዝ በሩን ሳላወርድ ለመቀባት ቀጭን ስፖንጅ በእንጨት ጫፍ አስሬ በሥሩ አሳልፋለሁ፤ በትንሽ መስታወት እያየሁ።